ለንባብ ቤትና ለትንሽ የቅርስ ክፍል የተሰጠ ስክሪን ምን ላይ ይዋል?

የንባብ ቤት ሠራተኛ (ደቡብ ወሎ)፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በደቡብ ወሎ በአንዲት ትንሽ ከተማ በሕዝብ ንባብ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ከንባብ ክፍላችን ጎን አንድ ጠባብ ክፍል አለ፤ በውስጡም የአካባቢው ሰዎች በየጊዜው ያበረከቷቸው ቅርሶች ይገኛሉ። አንድ ክራር፣ ሁለት ጋሻዎች፣ አገልግልና ሌማት፣ ማኅደር ያለው አንድ ዳዊት፣ በዐረብኛ ፊደል የተጻፉ ጥቂት የመጽሐፍ ቅጠሎች እና የድሮ ፎቶግራፎች ናቸው። ባለፈው ዓመት አንድ ትልቅ ስክሪንና አራት ታብሌቶች በስጦታ አገኘን። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ስክሪኑን በዚያው ክፍል ግድግዳ ላይ ሰቀልነው፤ ስለ ወሎ ባህልና መስህብ የተሠራ ፊልም ጫንበትና መብራት እስካለ ድረስ ከጠዋት እስከ ማታ ይዞራል።

አሁን ግን ልቤ አልረጋም። አንድ ቅዳሜ ጥግ ላይ ቆሜ ጎብኚዎችን ስመለከት ዐሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ ገባና ስክሪኑ ፊት ቆመ። በፊልሙ ውስጥ አንድ ሰው ክራር ይመታል። ልጁ አፉን ከፍቶ ያያል፤ የእኛ ክራር ደግሞ ከጀርባው ነው፤ ጀርባው የመስታወቱን ሣጥን ሊነካ አንድ ስንዝር ነው የቀረው። ፊልሙ ሲያልቅ ልጁ አንድ ጊዜም ዞር ሳይል ወጣ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ በዕድሜ የገፉ እናት ስክሪኑን ትተው በቀጥታ ወደ ክራሩ ሄዱና «ይህ የማን ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ከሣጥኑ ሥር ያለው ጽሑፍ «ክራር፣ የሙዚቃ መሣሪያ» ከማለት በቀር የሚለው ስለሌለ እኔም የምመልሰው አጣሁ።

ወደ እኛ የሚመጣው ሰው ለፈተና ሊያጠና የሚመጣ ብቻ አይደለም። የገበያ ቀን ዝናብ ያስጠለለው ገበሬ፣ ልጇን ይዛ የመጣች እናት፣ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ይገባሉ። እንዲህ ያለው ሰው ማንም ሳያስገድደው፣ ያለ ክፍልና ያለ ፈተና አንድ ነገር አውቆ እንዲወጣ ሌሎች ሙዚየሞችና ቤተ መጻሕፍት ዲጂታል መሣሪያን እንዴት ይጠቀሙበታል? መብራት በሚቆራረጥበትና ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ቦታስ ከየቱ መጀመር ይሻላል?

---

የሙዚቃ መምህር (ኮምቦልቻ)፦

እኅቴ፣ አብሽሪ። ክፍልሽ ውስጥ ያለው ችግር የስክሪኑ አይመስለኝም፤ ችግሩ ክራሩ ዝም ማለቱ ነው። ዝም ያለ ክራርና ድምፅ ያለው ፊልም ጎን ለጎን ከተቀመጡ ልጅ ወደ ድምፁ መሄዱ የማይቀር ነው።

እስቲ አስቢው። ከአራቱ ታዋቂ ቅኝቶች፣ ማለትም ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ መካከል ሁለቱ ስማቸውን የያዙት ከእኛው አገር ቦታዎች ነው። ሰኞ ገበያ ባቲ ወርዶ የሚመለስ ሰው ባቲ ቅኝት መሆኑን ሳያውቅ፣ በአምባሰል ተራራ ሥር ተወልዶ ያደገ ልጅም አምባሰልን ከትዝታ ሳይለይ ይኖራል። ይህን በጽሑፍ ማስረዳት በጣም ከባድ ነው፤ እኔ በክፍል ውስጥ ለዓመታት ሞክሬ ደክሞኛል። በጆሮ ግን የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። አንድ የታወቀ ክራር መቺ ጋብዙና አንዷን አጭር ዜማ በአራቱም ቅኝት እንዲመታላችሁ አድርጉ። በአንድ ተራ ስልክ ጸጥ ባለ ክፍል ቅዱት። ከዚያ አንዱን ታብሌት ከክራሩ ሣጥን አጠገብ አስቀምጡና አራት ትልልቅ ቁልፎች ብቻ ይኑሩበት። ጎብኚው አንዱን ሲነካ ድምፁን ይሰማል፤ ዓይኑ ግን ከፊቱ ባሉት አውታሮች ላይ ያርፋል። ታብሌቱ ላይ የክራር ሥዕል እንዳታስገቡ አደራ እላለሁ፤ ሥዕል ካለ ዓይኑ እንደገና ወደ ስክሪኑ ይሄዳል።

ሌላው ጥያቄሽ፣ ማለትም የእናትየዋ ጥያቄ፣ ከእኔ ይልቅ ሌሎች የሚመልሱት ነው።

---

የታሪክ መምህር (አምባሰል)፦

የሙዚቃ መምህሩ ያሉት ልክ ነው፤ ከታሪኩ ጥቂት ልጨምርበት። ሙዚየሞች በዚህ ነገር ሲፈተኑ የቆዩት ከታብሌት ዘመን በፊት ጀምሮ ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. የአምስተርዳሙ ስቴደሊክ ሙዚየም ለጎብኚዎቹ በአጭር ሞገድ ሬዲዮ የሚተላለፍ ማብራሪያ በጆሮ ማዳመጫ ማሰማት ጀምሮ ነበር። ማብራሪያው ከአንድ ቴፕ ለሁሉም በአንድ ጊዜ የሚሄድ በመሆኑ ጎብኚዎቹ ሁሉ ተያይዘው ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው ይዞሩ ነበር። አንዱ ሥዕል ያስደሰተው ሰው ቆይቶ ልየው ቢል ድምፁ ጥሎት ይሄዳል። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት መሣሪያዎች ሁሉ ይህን ለማረም የተሠሩ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ጎብኚው ራሱ መርጦ እንዲጀምር፣ እንዲያቆም፣ እንዲደግም። ከጠዋት እስከ ማታ የሚዞረው የእርስዎ ፊልም ወደዚያ አሮጌ ቴፕ የሚመልስ ይመስለኛል።

አሁን ከእኛው አካባቢ አንድ ምሳሌ ልስጥዎት። የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው እዚሁ አምባሰል ውስጥ ይስማ ንጉሥ በተባለው ቦታ ነው። ተማሪዎቼ ሁሉ «አንቀጽ 17» ማለትን ያውቃሉ፤ ለፈተና ሸምድደውታል። ነገር ግን ጠቡ በአንድ ግሥ ላይ እንደሆነ ያስተዋሉት በጣም ጥቂት ናቸው። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ ጣልያንኛው «ኮንሴንቴ» ይላል፤ ተስማምተዋል እንደማለት ነው። አንደኛው ፈቃድ ይሰጣል፣ ሌላው ግዴታ ያስገባል። አንድ ስክሪን ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ግሦቹን ብቻ በቀለም ለይቶ፣ «እርስዎ ቢሆኑ የትኛውን ፈርመዋል ብለው ያስባሉ?» ብሎ ቢጠይቅና ቀጥሎ ዐፄ ምኒልክ በየካቲት 1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውን ቢያሳይ፣ ጎብኚው ያለ አስተማሪ የትርጉምን ክብደት ተረድቶ ይወጣል። እኔ ይህንኑ በሁለት ወረቀት አድርጌ ለተማሪዎቼ ሰጥቼ ነበር፤ ደወል ከተደወለ በኋላ እስከ በር ድረስ እየተከራከሩ ሄዱ። ለዚህ ፊልም አያስፈልግም፤ ሁለት ዐረፍተ ነገርና አንድ ጥያቄ በቂ ናቸው።

ሊጓጓዙ የማይችሉ ነገሮች ደግሞ አሉ። በመቅደላ አምባ ላይ ያለው ሴባስቶፖል መድፍ ወደ እርስዎ ክፍል አይመጣም፤ ታላቅነቱም ብቻውን በተነሣ ፎቶግራፍ አይታወቅም። አጠገቡ ሰው ቆሞ የተነሣውን ፎቶግራፍ በትልቁ ስክሪን ላይ ሰው የሚያህለውን ቁመት ይዞ እንዲታይ ቢያደርጉት ግን ልጆች ቁመታቸውን ሊለኩበት ይሯሯጣሉ። ትልቅ ስክሪን የሚገባው ለእንዲህ ያለው ነው።

---

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ (ወልድያ)፦

በብዙው እስማማለሁ፤ ፊልሙን ግን ጨርሳችሁ አትናቁት። እኔ በምሠራበት አካባቢ ማንበብ የማይችሉ እናቶች ወደ ቤተ መጻሕፍት ለመግባት የሚደፍሩት «ፊልም አለ» ሲባል ነው። መጽሐፍ ያስፈራቸዋል፤ ስክሪን አያስፈራቸውም። ስለዚህ ፊልሙ ሰዓት ይበጅለት እንጂ አይጥፋ፤ ለምሳሌ በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ይታይና ከዚያ በኋላ ሰው ተቀምጦ ይወያይ። ከፊልሙ ይልቅ ብዙ ያስተማረው ከፊልሙ በኋላ ያለው ጭውውት እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ።

ታብሌቶቹን በተመለከተ ደግሞ ሁሉንም በቅርስ ክፍሉ ውስጥ አትጨርሱ። ሁለቱን ወደ ንባብ ክፍሉ አምጡና የሚደመጡ ታሪኮች ጫኑባቸው። አገራችን በሬዲዮ ትረካ ያደገች ናት፤ ሽማግሌውም ልጁም ትረካ ማዳመጥ ያውቃል። ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። በቴሌግራም የሚዘዋወረውን መጽሐፍና ትረካ ሁሉ እየጫኑ ለሕዝብ ማቅረብ ተለምዷል፤ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ግን ይህን ማድረግ የለበትም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ስለዚህ የአካባቢያችሁን ተረቶች ከአያቶች አፍ በፈቃዳቸው ቀድታችሁ ጫኑ። ተረቱ የእናንተው ይሆናል፤ ልጁም የሚሰማው የጎረቤቱን አያት ድምፅ ነው።

---

የብራና መጻሕፍት ተማሪ (ሐይቅ)፦

ስለ ዳዊቱና በዐረብኛ ፊደል ስለተጻፉት ቅጠሎች የተናገረ ስለሌለ እኔ ልናገር፤ ይህ ነገር ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣኝ ጉዳይ ነው።

በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ ያበረከቱት አርባዕቱ ወንጌል ይገኛል፤ ዘመኑ 1273 ዓ.ም. ነው፤ የአቡኑ የራሳቸው ሥዕልም በውስጡ አለ። ይህን መጽሐፍ ከሩቅ አገር የመጡ ሊቃውንት በሚገባ ያውቁታል፤ እዚሁ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሻይ ከሚጠጡት ሰዎች ግን ስሙን የሰማ ጥቂት ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም (ገጾችን በትንንሽ የፎቶ ፊልም ላይ የማንሣት) ሥራ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን አንሥቷል፤ ይህም ወንጌል በቁጥር 1832 ተመዝግቧል። ፊልሞቹ በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል፤ ብዙዎቹም ወደ ዲጂታል ምስል ተለውጠው በቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ ይታያሉ፤ ዶክተር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የፈጁት እነዚህን መጻሕፍት በመመርመርና በመዘርዘር ነው። ሴቶች ወደ ገዳሙ ስለማይገቡ ጠያቂዋ እኅታችን ራሷ መጽሐፉን በቦታው ማየት አትችልም፤ በምስል ግን እርሷም እናቷም ልጇም ሊያዩት ይችላሉ። ለእኔ ከዲጂታል ነገር ሁሉ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። ማይክሮፊልሙ ጥቁርና ነጭ በመሆኑ የሥዕሉን ቀለም አያሳይም፤ ይህንንም ለጎብኚው በግልጽ መንገር ይገባል።

በዐረብኛ ፊደል የተጻፉትን ቅጠሎች ደግሞ ሳይጠይቁ እንዳያሳዩአቸው። ቁርኣን ሊሆኑ ይችላሉ፤ እንደዚያ ከሆነ አያያዛቸው ራሱ ሥርዓት አለው። ዐጀሚ ማለትም በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛም ሊሆኑ ይችላሉ። ወሎ የዐጀሚ አገር ናት፤ ሼኽ ጦልሐ ጃዕፈርን የመሰሉ ሊቃውንት በዚህ ጽሑፍ በአማርኛ ግጥም ጽፈዋል። በመጀመሪያ የአካባቢውን አንድ ዓሊም ጋብዛችሁ ያንብቡላችሁ። ዐጀሚ ሆኖ ከተገኘ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ድምፃቸውን ቅዱና ከገጹ አጠገብ እንዲሰማ አድርጉ። እኔ አንድ ጊዜ ይህን አይቻለሁ። አንድ ወጣት ገጹን ተመልክቶ «ዐረብኛ አላውቅም» ብሎ ሊያልፍ ሲል ሽማግሌው ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ፤ ልጁ ሁለት ስንኝ እንደሰማ «ይሄ እኮ አማርኛ ነው!» ብሎ ቆመ። ዓይን ሊያደርግ ያልቻለውን ጆሮ አደረገው።

በመጨረሻም የኢንተርኔት ምስል ዘላለማዊ እንዳይመስላችሁ። ከመቅደላ በ1860 ዓ.ም. ተዘርፈው ወደ ለንደን የተወሰዱት መጻሕፍት ብዙዎቹ የሚገኙት በብሪቲሽ ላይብረሪ ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱም የተወሰኑትን አንሥቶ በድረ ገጹ ላይ አውጥቷቸው ነበር። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ግን የኮምፒውተር ጥቃት ደርሶበት ምስሎቹ ለብዙ ወራት ሳይታዩ ቆዩ። የራሳችንን መጻሕፍት ቅጂ ለማየት የሌላ አገር ማሽን እስኪጠገን ጠበቅን። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ደግሞ የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። ከዚህ ሁሉ የምረዳው፣ እያንዳንዱን ቅርስ ዛሬውኑ ከፊትና ከኋላ፣ ከአጠገቡ ማስመሪያ አድርጎ ማንሣትና ፎቶግራፉን ከንባብ ቤቱ ውጭ በሌላ ቦታም ማስቀመጥ ከማሳያው ሥራ ሁሉ የሚቀድም መሆኑን ነው።

---

የኮምፒውተር ባለሙያ (ደሴ)፦

እኔ ስለ አሠራሩ ብቻ ልናገር። ኔትወርክ ከሌለ ነገሩን ሁሉ ኢንተርኔት በማይፈልግ መንገድ መሥራት ይቻላል። ኪዊክስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ዊኪፔዲያን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ የሚያስችል ነው። የእንግሊዝኛው ከነምስሎቹ 100 ጊጋ ባይት ገደማ ሲሆን የአማርኛው ግን በጣም ትንሽ ስለሆነ በአንድ ፍላሽ ላይ ብዙ ቦታ ሳይዝ ይቀመጣል። ይህንንና የራሳችሁን ድምፆች በአንዲት እጅን በምታህል ኮምፒውተር ላይ ጭናችሁ ከአንድ ራውተር ጋር ብታገናኙት፣ ወደ ክፍሉ የገባ ሰው ሁሉ በገዛ ስልኩ ያለ ካርድ ወጪ ሊከፍተው ይችላል። ኮምፒውተሯም ራውተሩም የሚፈልጉት ኃይል ትንሽ በመሆኑ መብራት ሲሄድ በአንድ ደህና ባትሪ ለሰዓታት ይሠራሉ። ትልቁ ስክሪን ግን ይህን አይችልም፤ ስለዚህ ዋናው ትምህርት በስክሪኑ ላይ የተንጠለጠለ አይሁን።

ብዙ ሙዚየሞች ከቅርሱ አጠገብ የኪው አር ኮድ ይለጥፋሉ። በእኛ አገር ብዙ ሰው ስካን ማድረግ ስላልለመደ ኮዱን ብቻ አትለጥፉ፤ ሠራተኛው ቆሞ ያሳይ። ድምፁን በብሉቱዝ ወይም በሚሞሪ ካርድ ወስዶ መሄድ ለሚፈልግም ስጡት። ሰዉ ዘፈንና መንዙማ በሚሞሪ ካርድ ሲያስጭን ስለኖረ ይህን ማንም ሊያስተምረው አይገባም፤ የክራሩ ቅጂ ከንባብ ቤቱ ወጥቶ በሚኒባስ ውስጥ ቢሰማ ደግሞ ከዚያ የተሻለ ምን አለ?

አንድ ነገር ልጨምር። ድንቅነሽ በኅዳር 1967 ዓ.ም. የተገኘችበት ሐዳር በዚያን ጊዜ የወሎ ጠቅላይ ግዛት ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. የትከሻዋና የጉልበቷ አጥንቶች ባለ ሦስት ገጽታ (3D) ስካን፣ ማንም አውርዶ እንዲያትመው በኢትዮጵያ ብሔራዊ ሙዚየም ፈቃድ ይፋ ሆኗል። ባለ ሦስት ገጽታ ማተሚያ ያለው ተቋም ፈልጋችሁ የጉልበቷን ቅጂ ብታሳትሙ ልጆች በእጃቸው ይዘው ከራሳቸው ጉልበት ጋር ያስተያዩታል። እንግዲህ ዲጂታል ነገር ሁሉ በመስታወት ላይ ብቻ የሚታይ አይደለም።

---

የንባብ ቤት ሠራተኛ (ደቡብ ወሎ)፦

ለሁላችሁም ከልቤ አመሰግናለሁ። መልስ ለመስጠት የዘገየሁት ጥቂቱን ሞክሬ ልመለስ ብዬ ነው።

ፊልሙን ወደ ገበያ ቀን አዛወርነው። የቅርሶቹን ፎቶግራፍ በማስመሪያ አንሥተን ጨርሰናል፤ አንዱ ቅጂ በሌላ መሥሪያ ቤት ተቀምጧል። ቅጠሎቹን የከተማችን ዓሊም አይተው ሁለቱ የቁርኣን እንደሆኑ ነገሩን፤ እንደ ሥርዓቱ ተሸፍነው ተቀምጠዋል። ሦስተኛው ዐጀሚ ነው፤ ሊያነቡልን ቀጠሮ ሰጥተዋል።

ለክራሩ ደግሞ አንድ ወጣት መቺ ጋብዘን አራቱን ቅኝቶች ቀዳንና ታብሌቱን ከሣጥኑ አጠገብ አደረግነው። ስለ ክራሩ የጠየቁት እናት ትናንት ተመልሰው መጡ። «ባቲ» የሚለውን ነክቼ አሰማኋቸው፤ ጥቂት አዳመጡና «ይህ ልጅ ጎበዝ ነው፤ ነገር ግን የእኛ ሰፈር እንዲህ አይመታውም፣ ቀስ ብሎ ነው» አሉኝ። ከዚያም በአፋቸው አንጎራጎሩልኝ። በስልኬ እንድቀዳ ፈቅደውልኝ ቀድቼዋለሁ። አሁን የምጠይቀው ይህን ነው፦ ይህን ቅጂ ከዓመታት በኋላ የሚያገኘው ሰው ምን እንደሆነ እንዲያውቅ ከድምፁ ጋር ምን ምን ልጻፍ?

---

የብራና መጻሕፍት ተማሪ (ሐይቅ)፦

ይህን በፍጥነት ጻፊው፣ ሳይረሳ። ማን እንዳንጎራጎሩ፣ እንዲሁም ስማቸው እንዲጠራ ፈቅደው እንደሆነ፣ የት ሰፈርና በስንት ዓመተ ምሕረት ገደማ ዜማውን እንደለመዱት፣ ከማን እንደሰሙት፣ የተቀዳበትን ቀንና ቦታ፣ ቀጂዋ አንቺ መሆንሽን፣ ቅጂው በክፍሉ ውስጥ ብቻ ወይስ በብሉቱዝም እንዲወጣ መፍቀዳቸውን። የፋይሉን ስም በቀኑ ጀምሪው። ማስታወሻውን በወረቀትም በኮምፒውተርም አስቀምጪ፤ ከድምፁ አትለዪው። ደግሞም እርሳቸው ስለ ክራሩ የጠየቁት ያለ ምክንያት ላይሆን ይችላልና፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጡ ሣጥኑን ከፍተሽ ክራሩን በእጃቸው አስይዢያቸውና የማን እንደነበር እርሳቸውን ጠይቂያቸው።